የቤት ሙዚቃ ሰርቨርና ስትሪመር፦ የቱን ልግዛ ላሉን ጠያቂ

ጥያቄው፦ «700 የሚሆኑ ሲዲዎች አሉኝ። አምፕሊፋየሬና ስፒከሮቼ የቆዩ ናቸው፤ ድምፃቸውን ግን እወደዋለሁ፣ መቀየርም አልፈልግም። ሲዲዎቹን ወደ ፋይል ቀይሬ፣ ከኢንተርኔት ከምሰማው ሙዚቃ ጋር አንድ ላይ ከስልኬ እየመረጥኩ ማዳመጥ ነው ፍላጎቴ። አንዱ ሻጭ ሁሉንም በአንድ የያዘ ውድ የሙዚቃ ሰርቨር ግዛ አለኝ፤ ድምፁም ይሻላል ብሎኛል። ሌላው ርካሽ ስትሪመር ይበቃሃል አለ። ራውተሬ ያለው ከሳሎን ርቆ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። የቱን ልስማ?»

መልስ፦

ውዱን ሰርቨር አይግዙ። ርካሹ ስትሪመርም ብቻውን አይበቃዎትም፤ 700 ሲዲ የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበትና። ፋይሎቹን ራውተሩ አጠገብ በሚቀመጥ ቀላል ኮምፒውተር ወይም የኔትወርክ ሃርድ ዲስክ ላይ ያድርጉ። ሳሎን ውስጥ ደግሞ አንድ መካከለኛ ስትሪመር አምፕሊፋየርዎ ላይ ይሰኩ። የሚተርፈውን ገንዘብ ለጊዜው ኪስዎ ውስጥ ይተዉት። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚሠራ እንለይ። ሰርቨር ፋይሎቹን ያስቀምጣል፤ በአርቲስት፣ በአልበም፣ በዓመት ይመዘግባል፤ ሲጠየቅ ይልካል። ስትሪመር የተላከውን ከኔትወርክ ተቀብሎ ያጫውታል። ዳክ የሚባለው ክፍል ደግሞ ሙዚቃው የተመዘገበበትን ቁጥር አምፕሊፋየር ወደሚያውቀው የኤሌክትሪክ ሞገድ ይቀይራል። ዛሬ ከሚሸጡት ስትሪመሮች አብዛኞቹ ዳኩን በውስጣቸው ይዘዋል። አራተኛው አፑ ነው። ሰው ሲገዛ የሚረሳው እሱን ነው፤ በየቀኑ እጁ ላይ የሚውለው ግን እሱ ነው።

አሁን «ድምፁ ይሻላል» ወደሚለው እንምጣ። ሲዲ ላይ ያለው ሙዚቃ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ የተለካ፣ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት የሆነ ቁጥር ነው። ሰርቨሩ ይህን ቁጥር በትንንሽ ጥቅል ከፋፍሎ በኔትወርክ ይልካል። ጥቅሉ መንገድ ላይ ከተበላሸ ወይም ከጠፋ እንደገና ይላካል። ስትሪመሩም ቀድሞ የተወሰነ ሴኮንድ ያህል ያጠራቅምና ከዚያ ያጫውታል። ስለዚህ ከውዱ ሰርቨርም ሆነ ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚደርሰው ቁጥር አንድ ነው። በጊዜው ካልደረሰ ሙዚቃው ይቆራረጣል ወይም ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ ባሱ አይሳሳም፣ የዘፋኙ ድምፅም አይደፈርስም። ሻጩ ሰርቨሩ «ሞቅ ያለ ድምፅ» አለው ካለዎት፣ በኔትወርክ ለሚገናኝ ሰርቨር ይህ እውነት ሊሆን የሚችልበት መንገድ የለም። ለሙዚቃ ብቻ ተሠራ ተብሎ በውድ ስለሚሸጥ የኔትወርክ ኬብልና ስዊችም የምለው ይህንኑ ነው።

ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ሁኔታ ግን አለ። ኮምፒውተር ወይም ሰርቨር በዩኤስቢ ገመድ በቀጥታ ከዳክ ጋር ሲገናኝ፣ ከሙዚቃው ጋር የኤሌክትሪክ ጫጫታም በገመዱ ሊያልፍ ይችላል። ስፒከሩ ውስጥ «እምምም» የሚል ድምፅ ወይም ማውዝ ሲንቀሳቀስ የሚሰማ ሲርሲርታ ይፈጠራል። መፍትሔው ሌላ ውድ ዕቃ አይደለም። በብርሃን የሚሠራውን ኦፕቲካል ኬብል መጠቀም በዚያ መስመር ያለውን የኤሌክትሪክ ግንኙነት ይቆርጠዋል። ወይም ደግሞ እኔ እንደመከርኩት ኮምፒውተሩን ከሳሎን ማውጣት ነው። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። የሃርድ ዲስክና የፋን ድምፅ ጸጥ ባለ ሙዚቃ መሀል በጣም ይረብሻል፤ ዕቃው ሌላ ክፍል ከሆነ አይሰሙትም።

ሁለቱን ሥራዎች ለያዩ የምልበት ዋናው ምክንያቴ ግን ዕድሜ ነው። በሙዚቃ ዕቃ ውስጥ ሁሉም ነገር እኩል አያረጅም። ጥሩ ስፒከር 30 ዓመት ያገለግላል። ሃርድ ዲስክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በማንኛውም ቀን ሊሞት ይችላል። ከሁሉም ቶሎ የሚያረጀው ሶፍትዌሩ ነው፤ የማዳመጫ አገልግሎቶች አሠራራቸውን ሲቀይሩ፣ የስልክዎ ሲስተም ሲታደስ፣ አምራቹ ሲደክመው ሣጥኑ ደህና ሆኖ ሥራው ይቆማል። ሁሉን በአንድ የያዘ ዕቃ ሲገዙ የሁሉም ዕድሜ ቶሎ በሚሞተው ክፍል ይወሰናል።

ይህን በምሳሌ ላሳይ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ነውና። ክሮምካስት ኦዲዮ ትንሽ፣ ርካሽና ብዙ ሰው የወደደው ስትሪመር ነበር። ጉግል በ2019 ማምረቱን አቆመ። እጃቸው ላይ የነበራቸው ሰዎች ግን መጠቀማቸውን ቀጠሉ። በመጋቢት 2025 በዕቃው ሶፍትዌር ውስጥ የነበረ የማረጋገጫ ሰርተፊኬት ጊዜው አለፈበትና በየቤቱ ያሉ ክሮምካስቶች በአንድ ጊዜ መሥራት አቆሙ። ጉግል ከቀናት በኋላ አስተካከለው። ባያስተካክለው ኖሮ ግን ምንም ያልተበላሸ ዕቃ ወደ ቆሻሻ ይሄድ ነበር።

በተቃራኒው ስኩዊዝቦክስ የሚባለውን የድሮ ስትሪመር ይመልከቱ። ዕቃውን የፈጠረውን ኩባንያ ሎጂቴክ በ2006 ገዛው፤ በ2012 አካባቢ ደግሞ ምርቱን ተወው። በ2024 ኩባንያው የኢንተርኔት አገልግሎቱንም ዘጋ። ይሁን እንጂ የሰርቨሩ ሶፍትዌር ለማንም ክፍት ስለነበር በጎ ፈቃደኞች ይዘውት ቀጠሉ። ዛሬ ሊሪዮን ሚውዚክ ሰርቨር ይባላል፤ በነጻ ይገኛል፤ እየታደሰም ነው። የድሮዎቹ ሣጥኖች አሁንም ሙዚቃ ያጫውታሉ። ልዩነቱን ያመጣው የብረቱ ጥራት አይደለም፤ ሶፍትዌሩ በማን እጅ ነበር የሚለው ነው።

የፋይል ዓይነትም እንደዚሁ ነው። ኤምኪውኤ የሚባል አሠራር ነበር። «ከስቱዲዮው የወጣውን እንዳለ» እየተባለ ተወራለት፤ ሙሉ በሙሉ ለመክፈት ፈቃድ የተሰጠው ዳክ ይፈልግ ነበር፤ ሰዎችም ለዚያ ሲሉ ዕቃ ቀየሩ። ኩባንያው በ2023 መክፈል አቅቶት በአስተዳዳሪ እጅ ወደቀና ተሸጠ። ዋና ደንበኛው የነበረው የሙዚቃ ማዳመጫ አገልግሎት ታይዳል በ2024 ትቶት ወደ ፍላክ ዞረ። ፍላክ ከ2001 ጀምሮ ያለ፣ ባለቤት ነኝ ብሎ ክፍያ የሚጠይቅበት የሌለ፣ ማንኛውም ስትሪመር የሚያነበው ፋይል ነው። ሲዲዎን ሲገለብጡ በፍላክ ይሁን፤ እዚህ ላይ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ፋይሉ ከሲዲው ወደ ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ወዳለ መጠን ይጨመቃል፤ ሲከፈት ግን አንዲት ቁጥር አይጎድለውም። 700 ሲዲ ከ250 እስከ 300 ጊጋባይት ቢይዝ ነው። ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ይበቃዎታል፣ ይተርፍዎታልም።

ከዚህ በኋላ አፑን ይፈትኑ። ከመግዛትዎ በፊት አብዛኞቹን አፖች ስልክዎ ላይ በነጻ መጫን ይቻላል፤ ሻጩ ጋር ሄደው በራሳቸው ስትሪመር ቢሞክሩት ደግሞ የበለጠ ነው። ሦስት ነገር እዩ እላለሁ። አንደኛ፣ ዘፈኖቹ ሳይቋረጡ የሚያያዙበትን አልበም ያጫውቱ፤ የመድረክ ቅጂ ወይም ኦፔራ ጥሩ መፈተኛ ነው። በትራኮቹ መካከል የግማሽ ሴኮንድ ጸጥታ ከገባ ያ ችግር ዕድሜ ልክ ያናድድዎታል። በተለይ ዩፒኤንፒ በሚባለው የኔትወርክ ዘዴ ሲጫወት ይህ ብዙ ስትሪመሮችን ይፈትናል። ሁለተኛ፣ ብዙ ዘፋኞች ያሉበት አንድ ስብስብ አልበም ይክፈቱ። አፑ አንዱን አልበም አሥራ አምስት ቦታ ከበታተነው ወይ ፋይሉ ላይ የአልበም አርቲስት የሚለው መስመር አልተሞላም፣ ወይ አፑ አያነበውም ማለት ነው። ሦስተኛ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ስሞች ካሉዎት ፍለጋውን ይሞክሩ። ለኮምፒውተሩ «ሰ» እና «ሠ» ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱን አልበም በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ከጻፉ ፈልገው አያገኙትም። ከመጀመሪያው አንድ አጻጻፍ ይምረጡና በዚያው ይጽኑ።

ከኢንተርኔት ስለሚሰሙት ሙዚቃ የትኛውን አገልግሎት እንደሚጠቀሙ አልነገሩኝም። ምርጫዎን ሊቀይር የሚችለው ግን ይህ ነው። ስልክዎ ሙዚቃውን በብሉቱዝ ከላከ ድምፁ እንደገና ተጨምቆ ነው የሚሄደው፤ ስልክ ሲጠራም ይቋረጣል። ስፖቲፋይ ኮኔክት፣ ታይዳል ኮኔክት እና ኮበዝ ኮኔክት የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። ስልኩ ሪሞት ብቻ ይሆናል፤ ስትሪመሩ ራሱ ሙዚቃውን ከኢንተርኔት ያመጣል። ስልክዎን ይዘው ከቤት ቢወጡ እንኳ ሙዚቃው ይቀጥላል። አፕል ሚውዚክ ግን በአብዛኞቹ ስትሪመሮች ላይ የሚመጣው በኤርፕሌይ፣ በአፕል ራሱ የገመድ አልባ መላኪያ ዘዴ ነው። የአፕል ተጠቃሚ ከሆኑ ኤርፕሌይ የሌለውን ስትሪመር አይንኩት፤ በዚህ ብቻ ብዙ ዕቃ ከዝርዝርዎ ይወጣል።

ስም ጥራ ካሉኝ ልጥራ። ለእርስዎ ሁኔታ የዊም ፕሮ ደረጃ ያለው ስትሪመር ይበቃል። የኔትወርክ ገመድ ይቀበላል፣ የአናሎግም የኦፕቲካልም መውጫ አለው፣ ከላይ ካነሳሁት ከሊሪዮን ጋርም ይሠራል። የብሉሳውንድ ኖድ ዋጋ ከዚያ ከፍ ይላል። ጥሩ ጎኑ ሌላ የሰርቨር ሶፍትዌር ሳይፈልግ በኔትወርክ የተጋራ ፎልደርን ራሱ አንብቦ መመዝገቡ ነው፤ ኮምፒውተር መነካካት ለማይወድ ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው። የካምብሪጅ ኦዲዮ ኤምኤክስኤን10ም እዚሁ ሰፈር ውስጥ ያለ ጥሩ ዕቃ ነው። እጅዎ ከኮምፒውተር ጋር የሚስማማ ከሆነ ደግሞ ራስፕቤሪ ፓይ በሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የዳክ ካርድ ሰክተው ሞኦድ ወይም ቮሉሚዮ የሚባለውን የማጫወቻ ሶፍትዌር ቢጭኑበት የትም የማያፍር ስትሪመር ይሆንልዎታል።

ሩን የሚባለውን ሶፍትዌር ሳይሰሙ አይቀሩም። ስለ ዘፈኖቹ፣ ስለ ተጫዋቾቹና ስለ አልበሞቹ የሚሰጠው መረጃ እጅግ የሚያምር ነው፤ ፋይልዎንና የኢንተርኔቱን ሙዚቃ እንደ አንድ ስብስብ ያሳያል። በነጻ ግን አይገኝም፤ ጠንከር ያለ ኮምፒውተርም ይፈልጋል። ሙዚቃ ሲሰሙ «ከበሮውን የመታው ማነው?» ብለው የሚጠይቁ ዓይነት ከሆኑ ይሞክሩት፣ ይወዱታል። ካልሆነ ይለፉት።

ሁሉን በአንድ የያዘውን ፈጽሞ አልቃወምም። እንደ ኤቨርሶሎ ዲኤምፒ-ኤ6 ያሉት በውስጣቸው የዲስክ ቦታ አላቸው፤ በቀላሉም ይሠራሉ። አንድ ሣጥን ብቻ እፈልጋለሁ፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልወድም የሚል ሰው ደስ ይለዋል። ያ ሰው እርስዎ ከሆኑ ግን ዲስኩ በራስዎ የሚወጣና የሚቀየር መሆኑን፣ ፋይሎቹም እንደ ተራ ፎልደር ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚገለበጡ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ሻጩ ይህን በግልጽ ማሳየት ካልቻለ ይተዉት።

ሰርቨሩ ራሱ ቀላል ነገር ነው። ሙዚቃ መላክ ኮምፒውተርን አያደክምም። ባለ ሁለት ዲስክ የኔትወርክ ማስቀመጫ፣ ትንሽ ሚኒ ፒሲ፣ ወይም ቤት የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ቶሎ ቶሎ የሚሄድ ከሆነ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው እንዲያውም ይመረጣል።

የራውተሩ ርቀት እንደሚመስልዎ አያስፈራም። የሲዲ ጥራት በሴኮንድ 1.4 ሜጋቢት ብቻ ነው። ትልቁ የሚባለው 24 ቢት 192 ኪሎኸርዝ እንኳ ሳይጨመቅ 9.2 ሜጋቢት ነው። ቪዲዮ ሳይቆራረጥ በሚታይበት ክፍል ሙዚቃ አይቸገርም። ልብ ማለት ያለብዎት አንድ ነገር አለ። ሰርቨሩም ስትሪመሩም በዋይፋይ ከሆኑ እያንዳንዱ ዘፈን አየር ላይ ሁለት ጊዜ ይጓዛል፤ ከሰርቨር ወደ ራውተር፣ ከራውተር ወደ ስትሪመር። ሰርቨሩን ራውተሩ አጠገብ በገመድ ካሰሩት ሸክሙ በግማሽ ይቀንሳል። ደግሞም ስልክዎ፣ ሰርቨሩና ስትሪመሩ አንድ ኔትወርክ ላይ ይሁኑ። ስልክዎ በራውተሩ የእንግዳ ዋይፋይ ከገባ ስትሪመሩን አያየውም። «አፑ ዕቃዬን አላገኘም» ለሚለው እሮሮ ይህ ቶሎ ሊታይ የሚገባው ምክንያት ነው።

አምፕሊፋየርዎ የቆየ ስለሆነ ምናልባት የአናሎግ መግቢያ ብቻ ነው ያለው። ችግር የለም። የስትሪመሩን ቀይና ነጭ ገመድ ሲዲ፣ ኦክስ ወይም ቱነር የሚል ጽሑፍ ያለበት ላይ ይሰኩ። ፎኖ የሚለው ላይ ግን በፍጹም አይሰኩ። እሱ ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ ነው፤ ደካማ ሲግናል ብዙ እጥፍ አጉልቶ ባሱንም ከፍ ስለሚያደርግ የስትሪመር ድምፅ ሲገባበት ይጮሃል፣ ይበላሻል፣ ስፒከርም ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ ሲያጫውቱም የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። የስትሪመሩ መውጫ ቋሚ ሆኖ ከተስተካከለ ሙሉ ኃይሉን ነው የሚልከው።

ሲዲ መገልበጡ ጊዜ ይበላል። አንድ ሲዲ በአማካይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። በቀን አሥር ቢገለብጡ ሁለት ወር ከምናምን ነው። ስለዚህ ሥራውን ሁለተኛ ጊዜ የማይሠሩት ያድርጉት። ዊንዶውስ ላይ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ወይም ዲቢፓወርአምፕ፣ ማክ ላይ ኤክስኤልዲ ይጠቀሙ። እነዚህ አክዩሬትሪፕ ከሚባል የመረጃ ቋት ጋር አመሳክረው የእርስዎ ቅጂ ሌሎች ሰዎች ከዚያው ሲዲ ካገኙት ጋር አንድ መሆኑን ይነግሩዎታል። የተጫረ ሲዲ ተሳስቶ ሲነበብ ወዲያው ያውቃሉ፤ ከዓመት በኋላ ጆሮዎ ላይ ጠቅ ሲል አይደለም። የአልበምና የአርቲስት ስሞችን ለመሙላት ሚውዚክብሬይንዝ ፒካርድ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በነጻ ነው። ስሙን ሲዲው በሚገለበጥበት ሰዓት ያስተካክሉ። በኋላ 700 አልበም ላይ ልመለስ ካሉ አይመለሱም፤ ይህን ብዙ ሰው ላይ አይቼዋለሁ።

እባክዎ ባክአፑን ደግሞ አይርሱ። ሁለት ዲስክ ያለው ማስቀመጫ አንዱን ዲስክ በሌላው ላይ እያባዛ ሲሠራ ሰው ባክአፕ ያለው ይመስለዋል። የለውም። በስህተት አንድ ፎልደር ቢያጠፉ ከሁለቱም በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ሌላ ተነቃይ ዲስክ ይግዙ፤ ሙሉውን ይገልብጡበት፤ ከተቻለ ሌላ ቤት ያስቀምጡት። ከሁለት ወር ድካም በኋላ ያንን ስብስብ ማጣት ያማል። የኔን ምክር በሙሉ ትተው አንዱን ብቻ ይዘው ከሄዱ ይህን ይያዙ።

ስለ ትልልቆቹ የጥራት ቁጥሮች አይጨነቁ። ሲዲ እስከ 22 ኪሎኸርዝ ገደማ ይይዛል፤ ጤነኛ የወጣት ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ነው። 16 ቢትም በጣም ደካማ በሆነውና በጣም ጠንካራ በሆነው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያህል ስፋት ይሰጣል። ተጨማሪው ቁጥር በቀረጻ ስቱዲዮ ውስጥ ጥቅም አለው፤ ሳሎን ውስጥ ስትሪመር የሚያስመርጥ ነገር ግን አይደለም። ድምፅ ላይ ለውጥ ከፈለጉ የተረፈውን ገንዘብ ክፍሉ ላይ ያውሉት። ግድግዳና ጣሪያ አንዳንድ የባስ ድምፆችን 10 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊያጎሉ ወይም ሊውጡ ይችላሉ። በሁለት ደህና ዳኮች መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት በጭራሽ አያገኙም። ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ስፒከሩን ከማዕዘን ማራቅ ሁሉም ይረዳል። አንዳንድ ስትሪመሮች ደግሞ በስልክ ማይክ ክፍሉን ለክተው ባሱን ያስተካክላሉ። ሁለት ስትሪመር እኩል ከሆኑብዎት ይህ ያለውን ይምረጡ።

ምንም ከመግዛትዎ በፊት ግን ሃያ ሲዲ ይገልብጡ። ላፕቶፕዎ ላይ ሊሪዮንን በነጻ ይጫኑ፤ ፎልደሩን ያሳዩት። ስልክዎ ላይ የሊሪዮን መቆጣጠሪያ አፕ ያስገቡ፤ ላፕቶፑን በጆሮ ማዳመጫ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ያገናኙና አንድ ሳምንት እንዲሁ ያዳምጡ። እንደ ማጫወቻ እንዲያገለግል ስኩዊዝላይት የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም እዚያው ላፕቶፕ ላይ ያክሉበት። ሳምንቱ ሲያልቅ አልበሞቹ በሥርዓት መገኘታቸውን፣ ቤተሰቡ አፑን መልመዱን ያውቃሉ። ስትሪመሩን ያኔ ይግዙ። ሲጽፉልኝም የትኛውን የኢንተርኔት አገልግሎት እንደሚጠቀሙና አምፕሊፋየርዎ ጀርባ ላይ ምን ምን መግቢያ እንዳለ ይጨምሩልኝ፤ ትክክለኛውን ሞዴል አብረን እንለያለን።